ያልተረጎምኩት ጥያቄ

የወንበር ጓደኛዬ በካላዛር ሞተ። ሃያ ዓመት አልሞላውም ነበር። ሰው ሲጠይቀኝ ይህችኑ ብዬ ዝም እላለሁ። ጠያቂውም «የፈጣሪ ፈቃድ ነው» ብሎ ወደ ሌላ ወሬ ያልፋል። በፈጣሪ ማሳበብ ይቀናል፤ ተነሥቶ አይከራከርም። እኔ ግን እዚያው ነበርኩ። ሐኪሙ አንድ ጥያቄ ጠየቀ። ጥያቄው ለልጁ ነበር፤ የመለስኩት ግን እኔ ነኝ፤ በሐሰት። እውነቱን ብናገር ይድን ነበር ብዬ አልምልም። መርፌውን አምስት ሳምንት ቀድሞ ይጀምር ነበር ብዬ ግን እምላለሁ።

እናቱ በሕይወት እያለች ይህን አልጽፍም ነበር። እንዳልጽፍ የከለከለኝ ራሱ ነው። ባለፈው ክረምት እሷም አረፈች። እንግዲህ የሚያግደኝ የለም።

ሠላሳ አራት ዓመት የሆነው ሰው ዘጠነኛ ክፍል ምን ይሠራል የሚል ይኖራል። የተወለድኩት መተማ ቆላ ነው። ከአሥራ አምስት ዓመቴ ጀምሮ ድንበር እየተሻገርኩ ገዳሪፍ ሰሊጥ አርሜያለሁ፣ ማሽላ ቆርጫለሁ፣ ጆንያ ተሸክሜ ሎሪ ጭኛለሁ። ዐረብኛው እዚያው አፌ ላይ ቀረ። የተማርኩት መናገሩን ብቻ ነው፤ ጽሕፈቱ ለእኔ እስከ ዛሬ የዶሮ ጭረት ነው። ያኔ አማርኛም አላነብም ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሲሆነኝ ከአገር ቤት ደብዳቤ መጣልኝ። የሚያነብልኝ ሰው መጠየቅ አፈርኩና ሁለት ሳምንት በደረት ኪሴ ይዤው አረም አረምኩ። በኋላ አንድ ሾፌር ሲያነብልኝ አባቴ ከሞተ ወር አልፎታል። ለሁለት ሳምንት መርዶዬን በላብ እያራስኩ፣ እየዘፈንኩም ጭምር ነበር የምሠራው። በዚያው ዓመት መተማ ተመልሼ ለጎልማሶች ከሚያስተምሩበት ክፍል ገባሁ። ከዚያ በማታው ትምህርት እየገፋሁ ስምንተኛ ደረስኩ። ዘጠነኛ ልገባ ስል ተኩሱ መጣ። እንደ ሌላው ሁሉ ተሻገርኩ፤ በዚያ መንገድ ለሥራ ሳይሆን ለነፍሴ ስሻገር ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

ሱዳን በሰፈርንበት የስደተኞች ካምፕ ውስጥ፣ እንደኛው ተሰደው የመጡ አስተማሪዎች ዘጠነኛ ክፍል ከፈቱ። ግድግዳው የማሽላ አገዳ፣ ጣሪያው ላስቲክ፣ ወንበሩ ሁለት ድንጋይ ላይ የተጋደመ ሳንቃ። አስተማሪው በቁመት ደለደለን። ረጅሞቹ እኔና አንድ ከጎንደር ከተማ የመጣ ልጅ ስለ ነበርን የመጨረሻው ሳንቃ ለሁለታችን ደረሰን። ልጁ አገሩ እያለ አሥረኛ ደርሶ ነበር። የሚያሳየው ወረቀት ስለሌለው ነው ዘጠነኛን የደገመው። ስለዚህ አስተማሪው የሚለውን ሁሉ ቀድሞ ያውቀዋል። ሥራ ሲያጣ የእኔን ደብተር ያያል።

በመጀመሪያው ሳምንት አስተማሪው የሚያነበውን እየሰማን ስንጽፍ ልጁ አንገቱን አስግጎ ተመለከተኝ።

«ሐኪም በሐመሩ ሐ ነው» አለኝ።

«ያው ሀ ናት።»

«ላንተ ያው ናት። በሃሌታው ሀ ስትጽፈው ግን ሐኪሙ ራሱ ይታመማል።»

ፊት የተቀመጡት ሳቁ። ደሜ ፈላ። «አንተ፣ ልጄ ትሆናለህ፣ አርፈህ ተቀመጥ» አልኩት።

«እሺ አባባ። ግን በሐመሩ ሐ።»

ላጲሱን አቀበለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «አያ ተማሪ» አለኝ፤ ክፍሉም ተቀብሎ አጸደቀው። በየቀኑ ደብተሬን እየወሰደ ያርማል። ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፣ ዓይኑ ዐ፣ ጸሎቱ ጸ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት የመርዶ ደብዳቤ ለማንበብ ነው፤ ሠራዊት በየትኛው ሠ እንደሚጻፍ ማን ይጨነቃል? እሱ ይጨነቃል። አንድ ቀን ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ብጠይቀው፣ እናቱ ማንበብ እንደማትችልና ከልጅነቱ ጀምሮ ለእሷ የሚያነብላት እሱ መሆኑን ነገረኝ። «ተሳስቼ ባነብላት አታውቅብኝም» አለ። «ስለማታውቅብኝ መሳሳት አልችልም።»

ይህን ሲል ምን ማለቱ እንደ ሆነ አልገባኝም ነበር። አሁን ከልኩ በላይ ገብቶኛል።

ከእኔ ደግሞ የሚፈልገው ዐረብኛ ነበር። ተማር ብለው አሻፈረኝ አለ። «ለወር ለሁለት ወር የምቀመጥበት አገር ቋንቋ አልማርም» ይላል። እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። ስለዚህ ካምፑ በር ላይ፣ ገበያ፣ ውኃ ወረፋ፣ ሻይ ቤት፣ በየደረሰበት አፉ እኔ ነበርኩ። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር። ደብተር ላይ ሲያሸማቅቀኝ ይውልና ከክፍል ስንወጣ ድዳ ሆኖ ከኋላዬ ይከተለኛል። አንዳንዴም እንደ ፈለግሁ እተረጉምለት ነበር። ሻይ የምትሸጠው ሱዳናዊት አንድ ቀን ቁመቱን አድንቃ ስታበቃ፣ «ምን አለች?» ሲለኝ፣ «ይሄን ረጅም ለድንኳን ምሰሶ ስጡኝ ነው የምትለው» አልኩት።

«ይሄን ሁሉ አውርታ?»

«ዐረብኛ እንዲህ ነው። ይረዝማል።»

«ግማሹን ነው የምትተረጉመው አንተ» አለኝ። «ግማሹን ደግሞ ትፈጥራለህ።»

ሳቅን። ያን ጊዜ ያስቅ ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ትምህርት ተዘጋ፤ ራሽኑም ሳሳ። ልጁ ስልክ ፈለገ። እናቱን የሚያገኛት በጎረቤት ስልክ እየለመነ ነበር፤ የስልኩ ባለቤት ደግሞ እያንዳንዱን ቃል ቆሞ ይሰማል። አረም እንሂድ ያልኩት እኔ ነኝ። ከካምፑ ለመውጣት ታስሪህ ይጠይቃል፤ የመንቀሳቀሻ ፈቃድ መሆኑ ነው። ለአረም ታስሪህ የሚሰጥ የለም። «ሳይኖረን ብንያዝስ?» አለኝ። «ይህን አገር እኔ ነኝ የማውቀው ወይስ አንተ?» አልኩት። ጭቃ ጭቃውን ወጣን፤ በእግር ከሰዓት በላይ ሄደን ሠራተኛ የጫነ ትራክተር ላይ ተንጠላጠልን።

ሐምሌንና ነሐሴን ሰሊጥ ስናርም ከረምን። የከተማ ልጅ ነው፤ እጁ በመጀመሪያው ቀን ተላጠ። ጥርሱን ነክሶ ሠራ። ሠራተኛው የሚያድርባት የሣር ዳስ ታፈሳለች፤ ከዳር ግን አንድ ትልቅ ግራር ነበር፤ ሥሩ ከፍ ብሎ ውኃ የማይተኛበት። እኔ በልጅነቴም እንዲህ ያለ ግራር ሥር ነው ያደርኩት። ምንጣፋችንን እዚያ አነጠፍኩ።

«ጉንዳን አለ» አለኝ።

«ዳሱ ውስጥ ደግሞ ኩሬ አለ። ምረጥ።»

«ጉንዳኑ ታስሪህ አለው?» ብሎ ተኛ።

ሁለት ወር ሙሉ እዚያ አደርን። የምትነክሰዋ ነገር ጉንዳን አይደለችም። ከወባ ትንኝ የምታንስ፣ ድምፅ የሌላት፣ የዋልካ መሬት ስንጥቅና ግራር ሥር የምትኖር ዝንብ ናት። ስሟን ያኔ አላውቅም ነበር። በሽታውን ግን ዐውቀዋለሁ። በጉርምስናዬ አብረውኝ ሲያርሙ የከረሙ ሰዎች ሆዳቸው በግራ በኩል ተነፍቶ፣ እግራቸው ሸንበቆ አክሎ ሲሄዱ አይቻለሁ። እኛ «ጣፊያ ያዘው» ነበር የምንለው። ከደጋ የወረደውን ይጥላል፣ ቆላ የተወለደውን ይምራል ይባላል። እኔን ምሮኛል።

ተመልሰን ስልኩን ገዛ። እሑድ እሑድ እናቱን ያወራታል። አንዳንድ ቀን «ወንበር ጓደኛዬ ነው» ብሎ ያቀብለኛል፤ እሷም «አደራህን የኔ ልጅ፣ እሱ እኮ መብላት ይረሳል» ትለኛለች። «እሺ እማማ» እላታለሁ። ትምህርት ተከፈተ፤ ጥቅምት ሲጋመስ ልጁ ማተኮስ ጀመረ። ክፍል ውስጥ ጋቢ ተከናንቦ ይንቀጠቀጣል፤ እየተንቀጠቀጠም ደብተሬን ያርማል። መስመሩ እየተንጋደደ ሲሄድ ነው መታመሙን ያመንኩት።

ክሊኒክ ወሰድኩት። ከጧት ጀምሮ አግዳሚ ላይ ወረፋ ጠበቅን። ከራሳችን በላይ ግድግዳው ላይ ሥዕል ያለበት ወረቀት ተለጥፏል። ዛፍ ሥር የተኛ ሰው፤ ቀጥሎ ያው ሰው ሆዱ ተነፍቶ ቆሟል፤ ከጎኑ አንዲት ዝንብ አለች፣ የበግ ያህል አድርገው የሣሏት። ከሥሩ ዐረብኛ ተጽፏል። እሱ ዐረብኛ አይሰማም፤ እኔ ዐረብኛ አላነብም። ልጁ ቀና ብሎ አየውና፣ «አያ ተማሪ፣ ይሄ ሰውዬ አንተን አይመስልም? ግራር ሥር ተኝቶ» አለ።

«ሆዱ ግን የኔ አይደለም።»

«የራሽን ሆድ አይደለም፣ እውነትህን ነው።»

እስከ ከሰዓት ድረስ እዚያ ሥዕል ሥር ተቀመጥን።

በዚያ ሳምንት የካምፑ ወሬ ሁሉ ስለ ታስሪህ ነበር። ያለፈቃድ ወጥተው የተገኙ ሁለት ልጆች ታስረዋል፤ አንዱን መትተውታል። ወደ ሐኪሙ ክፍል ስንገባ አንድ ጠባቂ በሩ አጠገብ ወንበር ስቦ ሻይ ይጠጣል። ለእኛ ብሎ አልመጣም፤ ጥላ ፈልጎ ነው። ይህን አሁን ነው የማስበው።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ። ልጁን አስተኝቶ ሆዱን ጫን ጫን አደረገ። በግራ በኩል እጁ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ በዐረብኛ ጠየቀ።

«ባለፉት ወራት ከካምፑ ወጥቶ ያውቃል? እርሻ ላይ፣ ዛፍ ሥር አድሮ ያውቃል?»

ጠባቂውን አየሁት። ሻዩን እፍ እያለ ነው። «ላ» አልኩ። ኧረ የለም፣ ማለት ነው።

ሐኪሙ በእኔ መልስ አልረካም። «ጠይቀው እንጂ» አለኝ።

ወደ ልጁ ዞርኩ። በአማርኛ፣ «ምግብ ይበላል ወይ ነው የሚለው» አልኩት።

ልጁ ራሱን ግራ ቀኝ ነቀነቀ። «የለም፣ አልበላ ብሎኛል በለው።»

ሐኪሙ ልጁ ራሱን ሲነቀንቅ አየ። የሚያየውን አመነ። እኔም «ላ ይላል» አልኩት። የወባ መድኃኒት ጻፈልን። ጠባቂው ሻዩን ጨርሶ ብርጭቆውን ሲመልስ ፊታችንን እንኳ አላየውም።

ስንወጣ ልጁ፣ «ብዙ ተናገረ እኮ፤ አንተ አሳጠርከው» አለኝ።

«ሐኪም ነው፣ ያወራል።»

«ምሰሶ ነው ያለኝ ደግሞ?» አለና እየሳቀ ትከሻዬን ተደገፈ። ሰውነቱ እንደ ምጣድ ይፋጅ ነበር።

ሰው ያኔ ታውቅ ነበር ወይ ብሎ ይጠይቀኝ ይሆናል። አውቅ ነበር፣ አላውቅም ነበርም። ጣፊያን የሚያህል በሽታ ያየሁ ሰው ነኝ። ግን እጄ ላይ ወረቀት ነበር፤ ወረቀቱ ወባ ይላል ብለውኛል። ዕድሜውን በአውራ ጣት ሲፈርም የኖረ ሰው ማንበብ ሲጀምር የሚይዘው ሞኝነት አለ፤ የተጻፈ ነገር ሁሉ እውነት ይመስለዋል። ያ ወረቀት የእኔኑ ሐሰት መልሶ የሚያነብልኝ መሆኑ አልታየኝም።

ኪኒኑን ጨረሰ፤ ትኩሳቱ ተመለሰ። ሌላ ቀን ሌላ ነርስ አየችውና የአንጀት ተስቦ ብላ ሌላ ኪኒን ሰጠችው። እሷ ምንም አልጠየቀችም፤ እኔም ምንም አልተናገርኩም። አፌን ለመክፈት ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ነበር። ሁለት ጊዜም ያን ቀን ለምን ዋሸህ ብባል ምን እላለሁ ብዬ ተቀመጥኩ። ፍርሃቱ መጀመሪያ የጠባቂው ነበር፤ በኋላ ግን የኀፍረት ሆነ። ኀፍረት ከጠባቂ ይከፋል፤ ሻዩን ጠጥቶ አይሄድም።

ሆዱ በግራ ተነሣ። ፊቱ ጠቆረ፣ አንገቱ ቀጠነ። ጎረቤት ያለች ሴት ጣፊያው ነው፣ ይተኮስ አለች። ሚስማር አግለው ጎኑ ላይ ሦስት ቦታ ተኮሱት፤ እጁን የያዝኩት እኔ ነኝ። «ባዮሎጂ የተማረ ሰው እንዲህ ይደረጋል?» አለ፣ ላቡ እየወረደ። አምስተኛው ሳምንት ላይ ክፍል ውስጥ የእኔን ደብተር እያረመ እያለ ከአፍንጫው ደም ፈሰሰ። በጋቢው ጫፍ ቢይዘውም አልቆም አለ። አስተማሪው ትምህርቱን አቋርጦ ክሊኒክ ሮጠ። ወደ ገዳሪፍ ይላክ ተባለ።

ለመላክም ታስሪህ ያስፈልጋል። ወረቀቱን አራት ቀን ጠበቅን። ለአረም ያለ ወረቀት ወጥተን ሁለት ወር ከርመናል፤ ለሞት ግን ወረቀት ጠበቅን። አሁንም ሌላው መንገድ ነበር፤ ተሸክሜው መውጣት እችል ነበር። አላደረግሁትም። ያን ጊዜ ደግሞ ሕግ አክባሪ ሆኜ ነበር።

ገዳሪፍ ስንደርስ ከሚኒባሱ ወደ ረክሻ፣ እኛ ባጃጅ ወደምንላት፣ በጉያዬ አዛወርኩት። እንደ ባዶ ጆንያ ቀሎ ነበር። ሆስፒታሉ ከካርቱም በሸሸ ሰው ጢም ብሏል፤ ኮሪደሩ ላይ የሰው እግር እየተራመድን ገባን። ያየችው ሐኪም ሴት ናት፤ ጠና ያለች። ሆዱን ነካች፤ ዓይኑን ገለበጠች፤ የተተኮሰውን ሦስት ጠባሳ አይታ ምላሷን አጮኸች። ከዚያ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀችኝ። ከሐምሌ ወዲህ እርሻ ላይ አድሯል ወይ? ዛፍ ሥር?

ጠባቂ የለም። በሩ ክፍት ነው። ቃል በቃል ተረጎምኩለት።

«አዎ» አለ። «ሐምሌና ነሐሴን ሙሉ። ግራር ሥር። ይሄ ሽማግሌ ነው ያስተኛኝ፤ ጉንዳኑንም ምሥጡንም እያየ።» ሊስቅ ሞከረ። ከዚያ ግንባሩን ቋጥሮ አሰበና፣ «ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ ለምን ማንም አልጠየቀኝም?» አለኝ።

ሐኪሟ፣ «ምን አለ?» አለችኝ።

«አዎ ነው የሚለው» አልኳት።

ሌላውን አልተረጎምኩም። ለእሷም አልተረጎምኩም፤ ለእሱም መልስ አልሰጠሁም።

ከጣቱ አንዲት ጠብታ ደም ወስደው ቀጭን ወረቀት ላይ አደረጉ። ሁለት መስመር ወጣ። ካላዛር። መርፌው በዚያው ቀን ተጀመረ። እኔ ኮሪደር ላይ ነበር የምውለው የማድረው። እዚያም ግድግዳ ላይ ያው ሥዕል አለ፤ ያው ሰው፣ ያው ዛፍ፣ በግ የምታህለዋ ዝንብ። አጠገባችን እናታቸውን የሚያስታምሙ አንድ የካርቱም ሰው ነበሩ፤ አስተማሪ ነበሩ። የተጻፈውን እንዲያነቡልኝ ለመንኳቸው። «ዛፍ ሥር አትተኛ። ትኩሳትህ ሁለት ሳምንት ካለፈው ወደ ሐኪም ሂድ፤ የት እንደ ነበርክ ንገረው ይላል» አሉኝ። ደግመው እንዲያነቡልኝ ጠየቅኋቸው። ደግመው አነበቡልኝ። ያው ነው።

በአምስተኛው ቀን ትንሽ ተሻለው። ቀና ብሎ ሾርባ ጠጣ። ሐኪሟ ግን ውጭ ጠርታኝ፣ መድኃኒቱ ጥሩ መሆኑን፣ ሰውነቱ ግን መድኃኒቱንም የሚሸከምበት አቅም እንደሌለው ነገረችኝ። «ለምን ዘገያችሁ?» አለችኝ። «ወር ቀደም ብሎ ቢመጣ» አለችና አልጨረሰችውም። እኔ ጨረስኩላት፤ በልቤ።

በአፌ ልነግረው አልቻልኩም። ደብተሬን አወጣሁና ጻፍኩ። ስምንት መስመር ትሆናለች። ያን ቀን ክሊኒክ ሐኪሙ ምን እንደ ጠየቀ፣ እኔ ምግብ ይበላል ወይ ብዬ እንዴት እንደ ለወጥኩት፣ ጠባቂውን፣ ሁሉንም። ሰጠሁትና ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ውጭ አንድ ረክሻ ጎማ እየቀየረ ነበር፤ ባለ ረክሻው ብሎኑን እየፈታ እስኪጨርስ ቆሜ አየሁት።

ስዞር ልጁ እርሳስ ይዟል። ደረቱ ላይ ደብተሩን አጋድሞ በቀስታ፣ አንዷን ፊደል ሲያደምቅ አየሁ። ሲጨርስ መለሰልኝ። ሁለት ቦታ አርሟል። «ሀኪሙ» ያልኩትን «ሐኪሙ» አድርጎታል። «ሀሰት» ያልኩትን ሰርዞ ከላዩ «ሐሰት» ብሎ ጽፏል።

«ሐሰትም በሐመሩ ሐ ነው» አለኝ።

«ሌላ የምትለው የለም?» አልኩት።

«ጥያቄው ላይ የጥያቄ ምልክት ረስተሃል።»

«ስደበኝ።»

«አቅም የለኝም» አለ። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ይህን ለእናቴ እንዳትጽፍላት። የሚያነብላት ሰው የሰፈር ሰው ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል፤ እሷም ያንተን ድምፅ ለምዳዋለች» አለኝ። «እሺ በል።»

«እሺ።»

«እንደ ልማድህ ተርጉመህ አይደለም አይደል?»

«አይደለም።»

ይቅር ብሎኝ እንደ ሆነ አልጠየቅሁትም። ሰዎች ይህን ስነግራቸው ይቅር ብሎሃል ማለት ነው ይላሉ። እንደዚያ አላለም። የሰማሁትን ነው የጻፍኩት፤ ከእንግዲህ ያልተባለ ነገር አልጨምርም።

በዘጠነኛው ቀን ጧት፣ ነርሷ የመርፌውን ዕቃ ይዛ ስትመጣ ሞቶ አገኘችው። እኔ ውኃ ልቀዳ ወጥቼ ነበር። ገዳሪፍ የእኛ ሰዎች የሚቀበሩበት ስፍራ አለ፤ እዚያ ቀበርነው። አንድ ቄስ፣ አንድ ዲያቆን፣ ሦስት የቀን ሠራተኞችና እኔ። ከካምፑ አስተማሪውም ተማሪዎቹም ሊመጡ ፈልገው ታስሪህ አላገኙም። አፈሩ ዋልካ ነው፤ በጋ ሲሆን እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። ስሙን ቆርቆሮ ላይ በሚስማር የጻፍኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ደብተር ላይ ጽፌ፣ ለዲያቆኑ አሳይቼ፣ ከዚያ ነው ቆርቆሮውን የነካሁት።

ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነበር። እሑድ ጮኸ። ዘመድ አስቀድሞ አርድቷት ስለነበር ድምፅዋ አልቆ ነው የመጣልኝ።

«አልቅሻለሁ» አለችኝ። «አሁን ልጠይቅህ ነው። ሐኪም አየው?»

«አይቶታል እማማ። መርፌም ጀምሮ ነበር።»

«ዐረብኛ አይችል ልጄ። ሲያመው ያመኛል ብሎ የሚነግርለት ሰው ነበር? ማን አስተረጎመለት?»

«እኔ ነኝ እማማ።»

«እግዜር ይስጥህ» አለችኝ። «አፍ ሆንክለት። እኔ ይህን ነበር የፈራሁት፤ የሚናገርለት አጥቶ ሞተ እንዳይሉኝ። እግዜር ይስጥህ የኔ ልጅ።»

ትንሽ አልቅሳ፣ እንዴት እንደ ነበር ሁሉንም በደብዳቤ እንድጽፍላት ለመነችኝ። በስልክ የተባለው ይጠፋባታል፤ ወረቀት ግን ሲከፋት እያወጣች ታስነብበዋለች። አንድም ሳልተው እንድጽፍላት አደራ አለችኝ።

ካምፑ ተመልሼ ባዶው ሳንቃ ላይ ተቀምጬ ጻፍኩላት። ሾርባ እንደ ጠጣ፣ እስከ መጨረሻው ቀልድ እንዳልተወ፣ ሐኪሟ ደግ ሴት እንደ ነበረች፣ ቄስ እንደ ቀበረው። ጥያቄውን ተውኩት። ደብዳቤው መንገደኛ እስኪገኝ ሦስት ቀን ደብተሬ ውስጥ ቆየ፤ በየቀኑ እያወጣሁ አየሁት። ሐኪም የሚለው ቃል አራት ቦታ አለ። አራቱም በሐመሩ ሐ ነው።